የአው ሳኒ ጉርምርምታ

[ጀጎል ውስጥ፣ የሟቹ የጊታር አምፕሊፋየር ሠሪ የአው ሳኒ ቤት። ግድግዳው ባዶ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነስሮ አንድ አሮጌ አምፕ ፈታቶ መሬት ላይ ዘርግቷል። ጎረቤቱ ገላነሽ ደብተርና እስክሪፕቶ ይዛ ቁጭ ብላለች።]

ገላነሽ፦ [የሟቹን ሚስት ድምፅ እያስመሰለች] «ወላሂ ነስሮ! ሶፊ ገጠር ዘመድ ጠይቄ ስመለስ የባሌን አምፕ እንዲህ ዘርግፈህ ትጠብቀኝ?»

ነስሮ፦ ተይ አልኩሽ! አዴ ሐሊማ ገና አልመጡም።

ገላነሽ፦ እየተለማመድኩላቸው ነዋ። ይሄ ግድግዳ ደግሞ ምነው ራቁቱን ቀረ?

ነስሮ፦ ቀለም ልቀባው ነው! አሁን ስሚ። አማኑኤል ጊታሪስቱ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ አሁን ይደርሳል። ልጅ ሆኖ እዚህ ቤት ሰርግ ላይ የአጎቴን አምፕ ሰምቶ፣ ያ ጉርምርምታ ከጆሮው አልወጣም። ዛሬ ካሰማሁት ለባንዱ በሙሉ ያሠራኛል፣ የአው ሳኒ ሱቅ ተመልሶ ይከፈታል። ካላሰማሁት ሱቁ ለሞባይል ጠጋኝ ይከራያል።

ገላነሽ፦ አሰማዋ ታዲያ!

ነስሮ፦ እምቢ አለኛ! ድምፁ እንደ ሙሽራ ለሰለሰ። ቫልቩን፣ ያን እንደ አምፖል የሚበራውን፣ በአዲስ ቀየርኩት። ጭራሽ ባሰበት።

ገላነሽ፦ ጉርምርምታው ሰልችቶት እኔ ቤት ገብቶ ይሆናል።

ነስሮ፦ ምን አልሽ?

ገላነሽ፦ ቤቴ ሰይጣን ገብቷል። ባሌ ዘውዴ ቴፕ በከፈተ ቁጥር ግድግዳው «ግርርርዝዝዝ» ይላል። ጠበል ረጨሁበት፣ አልወጣም።

ነስሮ፦ [እየሳቀ] እኔ ሳይንስ ሳወራ አንቺ ጂኒ! ድምፅ ማለት ከቫልቭ ይነሳል፣ በሽቦ ይሮጣል፣ ትራንስፎርመር ላይ ቁርሱን በልቶ ይወጣል።

ገላነሽ፦ ቁርሱ ምንድነው?

ነስሮ፦ መብራት ነዋ!

ገላነሽ፦ ለዚህ ነዋ ቆጣሪያችሁ የሚጋልበው።

ነስሮ፦ ለመሆኑ ጂኒሽ መቼ ገባ?

ገላነሽ፦ ሳህኖቹን የሰቀልኩ ቀን። ጊደር መጋላ ገበያ በርካሽ አገኘኋቸው። ባለ አበባ የብረት ሳህን! እንደ አዴ ሐሊማ ቤት ግድግዳዬን ሞላሁት።

ነስሮ፦ [መፍቻው ከእጁ ይወድቃል] ጠርዙ… ሰማያዊ?

ገላነሽ፦ አዎ። አንዱ ተላጥቷል።

ነስሮ፦ እሱን በልጅነቴ የጣልኩት እኔ ነኝ!

ገላነሽ፦ ውይ! ሌባ ገብቶባችኋላ!

ነስሮ፦ የምን ሌባ? እኔው ሸጬያቸው ነው! ቫልቭ በምን ልግዛ ታዲያ?

[ከገላነሽ ቤት ቴፕ ይከፈታል። «ግርርርዝዝዝ!» ከመንገድ አንድ ሰው «ይኸው! የአው ሳኒ አምፕ! እዚህ ቤት ነው!» እያለ በሯን ይደበድባል።]

ነስሮ፦ አማኑኤል ነው! ለካ የሚያጉረመርመው አምፑ ሳይሆን ሳህኖቹ ኖረዋል! ገሊዬ፣ እህቴ፣ ሳህኖቼን መልሺልኝ!

ገላነሽ፦ የምን ሳህን? ጠበል ያጠጣሁትን ሰይጣኔን ነው?

ነስሮ፦ በአላህ ይዤሻለሁ! አምፑ ከእኔ፣ ሳህኑ ካንቺ፣ ሱቁን አብረን እንክፈት!

ገላነሽ፦ ታፔላው «ሳኒና ገላነሽ» ይባላል?

ነስሮ፦ ይባል! የፈለግሽው ይባል! ቆይ… ምንድነው የምትሞነጫጭሪው?

ገላነሽ፦ ለቀበሌው ትያትር ነው። [እየጻፈች] «ነስሮ የተባለ ሊቅ፣ ጉርምርምታውን ሸጦ የጉርምርምታ መጠገኛ ገዛ። አዴ ሐሊማም ከሶፊ ሲመለሱ፣ ‹ወላሂ ነስሮ፣ ሳህኖቼ…›»

ነስሮ፦ አቁሚ! አትጻፊ አልኩሽ! አምጪው እስክሪፕቶውን!