ከአጥር የማያልፍ አድራሻ

መንገድ የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ ውኃ የማይደርሰው ሰፈርም ይኖራል። ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለው ሰፈር ግን ከላሊበላ እስከ ሙጃ ቢፈለግ አይገኝም። ይህ ሰው ሲፈጠር «እንጃ» የሚባለው ቃል አልተሰጠውም። ስለ ጥርስ ሕመም ያውቃል፣ ስለ ዶላር ያውቃል፣ ስለ ነገው ዝናብ ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር መቼ ዝም እንደሚባል ብቻ ነው።

ለኤልሳቤጥ ሰፈር የደረሱት ጋሽ ገብረመስቀል ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ ሰፈሩ ከደብሩ ማዕረግ ተውሶ «መልአከ ኔትወርክ» ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱ በፌዝ ቢሰጥም እሳቸው የተቀበሉት በክብር ነው። እሳቸው መጥተው ካላዩት ራውተር ሥራ የሚጀምር አይመስላቸውም።

ኤልሳቤጥ በግቢዋ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለእንግዳ ታከራያለች። ሳሎኗ ጥግ ያለችው ኮምፒውተር የእንጀራ ገመዷ ናት፤ እንግዳ የሚመጣው በእሷ በኩል ነውና። ሽሮዋን ጥዳ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ጋሽ ገብረመስቀል ከአጥሩ ማዶ ከተፍ ይላሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና «ከሥሩ እንነሳ» ይላሉ። ያን ጊዜ ሽሮው አበቃለት ማለት ነው።

አንድ ቀን ኤልሳቤጥ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተደባለቀበት ረጅም ነገር ስክሪኑ ላይ አየችና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ያለችው ለራሷ ነበር።

«ከሥሩ እንነሳ» አሉ መልአከ ኔትወርክ። «የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ አራት ቁጥር ነበር። ዓለም በዛና አለቀ። አንዱን አድራሻ ስንቱ ቤት ተጋራው። አዲሱ ግን ስምንት ክፍል አለው፤ ለላስታ ድንጋይ ሁሉ አንድ አንድ ቢታደል አያልቅም። ገባሽ? አልገባሽም።»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«አልገባሽም። በየመሀሉ ያለው ሁለት ነጥብ ከማን የተወሰደ ይመስልሻል? ከእኛ ብራና ነው!»

አንድ ቦታ ላይ ሁለት ነጥቡ ተደርቧል። መሀል ላይ የነበሩት ዜሮዎች ተዘለው ነው አሏት። ጋሽ ገብረመስቀል በሠርግ ሰሞን ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ ሰው ናቸውና ነገሩን በዚያው ፈቱት።

«ዜሮዎቹ የተረሱ አያቶች በያቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተዘለሉ የቀሩትን ቆጥረሽ ስንት እንደጎደለ ታውቂያለሽ። ሁለት ቦታ ከዘለልሽ ግን የትኛው ጋ ስንቱ እንደጠፋ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ክልክል ነው!»

ይህኛውስ እውነት ነበር፤ ኤልሳቤጥም በሆዷ ተደነቀች። ሽሮው አርሮ ስለነበር ግን አልነገረቻቸውም።

የሚያስረዱት ለእሷ ብቻ አልነበረም። አህያ የጠፋቻቸው ገበሬ ከብልባላ ወርደው «አይታችኋል ወይ?» እያሉ ሲያልፉ አስቁመው፣ አዲሱ አድራሻ ለአህያም እንደሚተርፍ አስረዷቸው። ሰውየው ትሑት ነበሩና ጀንበር እስክታዘቀዝቅ አደመጡ። በመጨረሻ አህያዋ ራሷ መጥታ አገኘቻቸው።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ የጉዞ ወኪል የገና እንግዶቹን ሊያሳርፍባት ፈልጎ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠራት። ከነዚያ ክፉ ዓመታት ወዲህ እንግዳ ሳስቷል። እነዚህ ከመጡ ሦስቱም ክፍሎች እስከ ጥምቀት ይሞላሉ፤ ካልመጡ ተዘግተው መክረማቸው ነው።

በቀጠሮው ጠዋት የቪዲዮ ጥሪው ገጽ አልከፈት አለ። የስልኩም ኔትወርክ የለም። ኤልሳቤጥ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የራሱ መስመር ወዳለው ወደ ላይኛው ትልቅ ሆቴል ልትሮጥ ስትል መልአከ ኔትወርክ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወዴት ነው?»

«ኢንተርኔት የለም ጋሼ፤ ቀጠሮዬ ሊያልፍብኝ ነው!»

መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሯን ነካኩ። «እንዴት የለም? ይኸው አድራሻሽ፣ አዲሱ! በኤፍ ኢ ሰማንያ ይጀምራል። አድራሻ ያለው ሰው ይገኛል። ቁጭ በይ፣ አሁን ይከፈታል።»

ቁጭ አለች። ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሲያገኝ ማመን ይቀለዋል። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ሰዓቱ አለፈ። ሆቴሉ ደርሳ መልእክቷን ስትከፍት ወኪሉ «ልናገኝዎ ስላልቻልን እንግዶቹን ለሌላ ቤት ሰጥተናል» ብሎ ጽፎላታል።

በማግስቱ መስመር የሚጠግነው ምሥጋናው መጣ። አድራሻውን አየና ሳቅ አለ። «ይቺማ ኮምፒውተሩ ራሱ ለራሱ የሚያወጣት ናት። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም አለች። ከአጥር ግን አታልፍም።»

ጋሽ ገብረመስቀል ቆመው ይሰሙ ነበር። ኤልሳቤጥ ዞር ብላ «ካላወቁ ምናለ ዝም ቢሉ!» አለቻቸው።

ባርኔጣቸውን አነሱ። «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ጋሽ ገብረመስቀል አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፣ ሰላምታ ሰጥተው ይሄዳሉ። የባለሱቁ የየኔሰው ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ ዘር እንዲቆጥሩ ጠሯቸው፤ «እንጃ፣ ሌላ ሰው ጠይቁ» አሉ። ሰፈሩ ሰውየው ታመዋል ብሎ ደነገጠ። ምን እንዳመማቸው የምታውቀው ኤልሳቤጥ ብቻ ናት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻው ጠፋት። ገና መጣ፣ እንግዳው በግቢዋ በር ላይ ወደ ሌላ ቤት አለፈ፤ ክፍሎቹ እንደተቆለፉ ዋሉ። እንግዶቹን ማጣቷ ቆጭቷታል። ሽማግሌውን ማስከፋቷ ግን ከዚያ ይበልጥ አንገበገባት። ሽሮዋ አንድም ቀን አላረረም፤ አንድም ቀን ግን አልጣማትም።

በጥምቀት ማግስት በአጥሩ ሲያልፉ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ምሥጋናውን ጠይቂው።»

«ምሥጋናውማ በአንድ ቃል መልሶ ይሄዳል። እርስዎ ይግቡልኝ።»

ገቡ። ባርኔጣቸውን ግን አላወለቁም። ኤልሳቤጥ ስክሪኑን አሳየቻቸው። «ይቺ ኤፍ ኢ ሰማንያ ከአጥር ካላለፈች ምን ልታደርግ ተሰጠች?»

መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። «ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያገኝባት ነው፤ እዚሁ ያሉት እንዳይጠፋፉ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን ከዚህ ወጥቼ አንብቤዋለሁ። ምን ያደርጋል፣ ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። እንግዶችሽን አሳጣሁሽ፤ ይቅር በይኝ።» ብድግ አሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፤ እኔም አፌ አልሰበሰብ ብሎ ነው» አለች ኤልሳቤጥ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የት ይሄዳሉ ታዲያ? አልገባኝም እኮ።»

«አልገባሽም?»

«ምንም አልገባኝም። ከሥሩ እንነሳ።»

ጋሽ ገብረመስቀል ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ኤልሳቤጥ ወደ ጓዳ ሄዳ የሽሮ ድስቷን ከእሳቱ አወረደች፤ ከዚያ ወንበሯን ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።