ቀዩን አስቆርጪ

ቀለም ሰውን አስማምቶ አያውቅም። ካላመናችሁኝ ባልና ሚስት መጋረጃ ሊገዙ ሲወጡ ተከተሏቸው። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ፣ አርባ ምንጭ ላለ አንድ የሙዝ አምራቾች ማኅበር በሠራሁት ድረ ገጽ ላይ የቀለሙን ነገር ለተጠቃሚው የተውኩት።

ገጹ የየገበሬውን ማሳ ያሳያል፤ ለቆረጣ የደረሰው በአንድ ቀለም፣ ያልደረሰው በሌላ። የቱ በየትኛው? እንደ ምርጫችሁ! ቀለሙን ስትነኩ የየራሳችሁ ገጽ መልክ እዚያው በዚያው ይለወጣል፤ ገጹን ዘግቶ መክፈት የለ፣ መጠበቅ የለ። ገጹን የሠራሁበት ፍሬምወርክ የሚሉት የፕሮግራም ማዕቀፍ ይህን እንዲያደርግልኝ ስንት ተለማመጥሁት! ሲሳካልኝ ብቻዬን አጨበጨብሁ። ማን ያጨብጭብልኝ ታዲያ?

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ የጨንቻ ሰው ናቸው። ጨንቻ ደጋ ነው፣ የአፕል አገር፤ አፕል ደግሞ ሲደርስ ይቀላል። ስለዚህ ለደረሰው ቀይ መረጡ። ጫኖ፣ ማሳዎቹ አጠገብ ያለችው ጸሐፊያቸው ምሕረት ግን ሙዝ ውስጥ ነው ያደገችው። ለአዲስ አበባ የሚጫን ሙዝ አረንጓዴ እንዳለ ይቆረጣል፤ ቢጫ ከሆነ መንገዱን አይችለውም። እሷ በራሷ ገጽ ለደረሰው አረንጓዴ፣ ላልደረሰው ቀይ አደረገች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣው የመጣው በስልክ ነው።

አንድ ጠዋት አቶ ደምሴ ከቢሮ ደወሉና «ቀዩን አስቆርጪ» አሏት። በእሷ ገጽ ላይ ቀይ የነበረው የአንድ ገበሬ፣ የአቶ ቶማ ማሳ ብቻ ነው። አቶ ቶማ በዚያ ሙዝ ዝናቡ ሳይመጣ የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊያለብሱ አስበዋል። ቆራጮቹ ሲመጡባቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ይሄ ገና ሕፃን ነው፣ ሕፃን ይቆረጣል ወይ ብለው ጮኹ። ምሕረት ተጨንቃ ብትደውል አቶ ደምሴ ቀይ ማለት የደረሰ መሆኑን በቁጣ አስረዷት፤ እሷም ቀይ ማለት ያልደረሰ መሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ለእኔ ደወሉ።

ስብሰባ ተጠራ። ያ የደከምሁበት ቀለም ይነሣና በጥቁር ፊደል «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ተብሎ ይጻፍ ተባለ። ከፋኝ፤ ግን አነሣሁት። ፊደል ምን ያሳስታል?

የአቶ ቶማ ሙዝ ጊዜው ሞላ፤ ገጹም «ደርሷል» አለ። አቶ ደምሴ ከሶዶ የጭነት መኪና አዝዘው ነበርና፣ መኪናውን አስበው ምሕረትን «ደርሷል ወይ?» አሏት። እሷ ገጹን አየት አድርጋ፣ ሙዙን አስባ፣ «ደርሷል» አለች። መኪናው ግን መንገድ ላይ፣ ምዕራብ ዓባያ፣ ሞተሩ ነክሶ ተበላሽቶ ቆሟል። እሳቸው ሙዙ ተጫነ ብለው ረሱት፤ እሷ መኪና ይላካል ብላ ጠበቀች። አቶ ቶማ በጠየቋት ቁጥር ለቢሮ ነግሬያለሁ ትላቸዋለች።

ነገሩ ሲታወቅ አቶ ቶማ እኔን ማሳቸው ድረስ አስጠሩኝ። ቤታቸው ከነሳር ክዳኑ ቆሟል። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ አንጀቴን በሉት። ተክሉ ላይ የቀረውን ዘለላ በእጃቸው ደገፍ አድርገው ወደ እኔ አዞሩና ረጋ ብለው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ይሄስ ለሁላችሁም ቢጫ ነው አይደል?»