አሸዋው ፎቶ ሲነሳ

(የግንባታ አሸዋ የሚከማችበት ግቢ። ጠዋት። ሠራተኛው «ሊቁ» የሚለው የግቢው ንብረት ጠባቂ እንደ ሁልጊዜው ከክምሩ ፊት ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ዘርግቷል። የእህቱ ባል፣ የሎደር ሹፌሩ፣ አጠገቡ ሆኖ ያንኑ ያደርጋል።)

ሊቁ፦ ግራ ዓይንህን ጨፍን አልኩህ። በግራ ዓይን አሸዋ አይለካም።

ሹፌር፦ ጋሼ፣ ግራዬን ስጨፍን ክምሩ ወደ ጎረቤት ግቢ ይሄዳል።

ሊቁ፦ ይሂድ። ተለክቶ ይመለሳል። ሁለት ሺህ ሜትር ኩብ። ሙሉ ነው።

ሹፌር፦ ጣትዎ ካለች ድሮኗን ምን አመጣት?

ሊቁ፦ መሥሪያ ቤቱ ጣቴን አላመነም። ዛሬ ድሮኗ ከላይ ሆና ትለካለች፤ ከሁለት ሺህ ከጎደለ እኔ ከሥራ እባረራለሁ። ከተባረርኩ የግቢውን ቤት እለቃለሁ። ቤቱን ከለቀቅሁ አንተና እህቴ የት ትገባላችሁ?

ሹፌር፦ እርስዎ ወደሚገቡበት።

ሊቁ፦ ለዚህ ነው ዛሬ የምልህን ብቻ የምታደርገው።

ሹፌር፦ ድሮኗ ሜትር ይዛ ነው የምትወርደው?

ሊቁ፦ ለማን ነው የማወራው፣ ጌታዬ። ፎቶ ታነሳለች። ብዙ ፎቶ፣ ከዚህም ከዚያም። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ገጣጥሞ ክምሩን እንደገና ይሠራዋል፤ ከዚያ ሆዱን ይለካል። እስቲ ንገረኝ፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ፀጉሩን ሳያበጥር ይቀመጣል?

ሹፌር፦ እኔ ለመንጃ ፈቃዱ እንደዚያ ነው የተነሳሁት።

ሊቁ፦ ያስታውቃል። ሎደሩን አስነሳ። ክምሩ ላይ ወጥተህ ተመላለስበት፤ ጉብ ጉብ ያለ ነገር እንዳላይ። እኔ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።

ሹፌር፦ ውሃው ደግሞ ለምን?

ሊቁ፦ ፊቱን ሳይታጠብ ፎቶ የሚነሳ አለ?

(ሎደሩ ይወጣል፤ ይወርዳል። ሊቁ በቱቦ ውሃ ይረጫል። ረፋዱ ላይ ክምሩ በካውያ የተተኮሰ ይመስላል። ሊቁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ይዘረጋል።)

ሊቁ፦ ምነው፣ ጣቴ ዛሬ ጫፉን ሸፈነችው?

ሹፌር፦ አብጣ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ቆየች።

ሊቁ፦ እሱ ነው። ሂድ፣ ድሮኗን የሚያበረውን ባለሙያ ዝግጁ ነን በለው።

(ድሮኗ ከክምሩ በላይ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። ሊቁ ኮቱን ቆልፎ፣ ክምሩ ጫፍ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ድሮኗ ካረፈች በኋላ ሹፌሩ በሩ አጠገብ ካለው ባለሙያ ዘንድ እግሩን እየጎተተ ይመለሳል።)

ሊቁ፦ ስንት አለ?

ሹፌር፦ ሺህ ስምንት መቶ።

ሊቁ፦ እኔን ጨምሮ?

ሹፌር፦ እርስዎን ቀንሶ ነው። አሸዋ ስላልሆኑ።

ሊቁ፦ ሁለት መቶ ሜትር ኩብ ተሰረቅሁ ማለት ነው። ላዩ ላይ ስትመላለስ ያረፈድከው አንተ ነህ። ኪስህን አሳየኝ።

ሹፌር፦ (ኪሱን ይገለብጣል። ጥቂት አሸዋ ይረግፋል።) ይኸው። ባለሙያው ግን ሌባ የለም ብሏል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሙከራ አብርሯት ሁለት ሺህ ሞልቶ ነበር። «ጣታቸው ልክ ነበረች» አለ።

ሊቁ፦ ታዲያ ዛሬ ምን በላው?

ሹፌር፦ እኛ። በአሸዋው መካከል አየር አለ አሉ። ረግጠን፣ አጠጥተን አየሩን አስወጣነው። አሸዋው የትም አልሄደም፤ ተኝቷል። ድሮኗ ደግሞ የምትለካው የያዘውን ቦታ ነው።

ሊቁ፦ ሁለት መቶ ሜትር ኩብ አየር ስጠብቅ ኖሬያለሁ?

ሹፌር፦ ያውም ሌሊቱን ጨምሮ።

ሊቁ፦ (ቱቦው ላይ ይቀመጣል) ሂድና በራሴ ፈቃድ ነው ያደረግሁት በለው። የእህታቸው ባል ነኝ፣ ሞኝ ነኝ በለው። አንተ ምንም አይጎድልብህም።

ሹፌር፦ ሳይነግሩኝ ብዬዋለሁ። ስለ ቤቱ ብዬ።

ሊቁ፦ እሺ፣ ምን አለ?

ሹፌር፦ አላመነኝም። «ሞኝ ብቻውን ቢሆን ሳይነካው ይተወው ነበር፤ ይህን ያህል ለማበላሸት የሚያዝዝ አዋቂ ያስፈልጋል» አለኝ።

(ሊቁ ከቱቦው ላይ ይነሳል።)

ሊቁ፦ እና ምን ይሻላል?

ሹፌር፦ የተረገጠውን ገልብጠን ብናላላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና እለካዋለሁ ብሏል። ሎደሩ ግን ነዳጅ ጨርሷል።

(ሊቁ ኮቱን ያወልቃል። ሹፌሩ ሁለት አካፋ ይዞ ይመጣል። ድሮኗ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች።)