ስለት በኪሎ

ሴት መንገድ ስትነሣ ቤቷን ትታ ትሄዳለች የሚል ሰው፣ ሴት ስትሰናዳ አይቶ አያውቅም። ትታው አትሄድም፤ ይዛው ነው የምትሄደው። ወንዱ ግን ከዘራውንና ባርኔጣውን አንሥቶ ደጃፍ ላይ ይቆምና «አልጨረስሽም?» ይላል። በኋላ ሲርበው የማንን ስንቅ እንደሚበላ፣ ሲበርደው የማንን ጋቢ እንደሚደርብ ለእናንተ መንገር ያስፈልጋል? የእናንተም ቤት እንዲሁ ነው።

ባለቤቴን አቶ ወልደየስን ግን በዚህ አላማቸውም። ለዚህኛው መንገድ እሳቸውም እንደ እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሰናዱ ኖረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ በትዳር ደብረ ብርሃን ገባሁ። አቶ ወልደየስ በሱፍ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ በርኖስ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ ይሠራሉ። ታዲያ በአንድ ክፉ ዘመን ቀኝ እጃቸው አብጦ፣ ሐኪሙ ቅርንጫፍ እንደሚመለምል ሰው ዘና ብሎ «ይቆረጣል» አለ። ሸማኔ ያለ ቀኝ እጁ ምን ይሆናል? እኔም በዚያች ሰዓት፣ እመቤቴ ሆይ፣ ይህን እጅ ብታድኝልኝ፣ ራሱ የሠራውን ምንጣፍ ላሊበላ ድረስ ይዤ መጥቼ ከቤትሽ አነጥፋለሁ ብዬ ተሳልሁ። እጁም ዳነ። በከተማችን ስንት ደብር እያለ ላሊበላን ምን አስመረጠኝ? እንጃ። ሰው ሲጨንቀው ርቀት አይለካም።

ምንጣፉ ወዲያው ተሠራ። ቀዩን ቀለም ከአሊዩ አምባ የሚያመጡልን ሼህ ሙሔ፣ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ «ለመርየም ከሆነማ» ብለው የያዙትን ሁሉ ያለ ዋጋ ትተውልን ሄዱ። ያልተሠራው መንገዱ ነው። አንድ ዓመት ልጅ ተወለደ፤ አንድ ዓመት በቅሎዋ ሞተች፤ አንድ ዓመት ዘመድ ታመመ። በመጨረሻ የአቶ ወልደየስ ጉልበት አሻፈረኝ አለ። ምንጣፉ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሣጥን ይወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይራገፋል፣ ይመለሳል። ደጀ ሰላም በሳምሁ ቁጥር እመቤታችን «ምነው አስካለ?» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። እሷ እንኳ እንዲህ አትልም፤ ትዕግሥቷን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ጥር፣ አዲስ አበባ አስተማሪ የሆነው የበኩር ልጃችን ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜያችሁን ሙሉ ለፍታችኋል፤ የአይሮፕላን ትኬት ቆርጬላችኋለሁና ላሊበላን አይታችሁ፣ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትሠሩ ተመለሱ ይላል። አቶ ወልደየስ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና፣ ሰው ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይሠራ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ።  ወዲያውም ተነሥተው የምንጣፉን ሣጥን ከፈቱ።

ከአይሮፕላን ጣቢያው እንድረስ። ልጃችን ሸኝቶን ወደ ተማሪዎቹ ተመልሷል። እኛ፣ ምንጣፉን ጨምሮ፣ ከአንድ ትልቅ ሚዛን ፊት ተሰልፈናል። ክራቫት ያሰረው ጸሐፊ ምንጣፉን ሚዛን ላይ አስወጣና ከንፈሩን መጠጠ። የሁለታችንም የዕቃ ድርሻ በምንጣፉ አለቀ። ሌላው ዕቃ ሁሉ ይቀራል አለን። ሌላው ሁሉ ማለት እንግዲህ የአቶ ወልደየስ ሁለት በርኖሶች፣ የእኔ ሦስት ቀሚሶች፣ ሁለት ጋቢዎች፣ አንድ ባና፣ ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ጧፉ ነው። ቤቴን ይዤ ነው የምሄደው ብያችሁ የለም?

አቶ ወልደየስ በትሕትና፣ የለበስነውም ይመዘናል ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ የለበሱትማ የራስዎ ነው አላቸው። ይህን ነው የፈለጉት። ወደ ጥጉ ሄድን። ሦስቱን ቀሚሶች በላይ በላዩ ለበስኋቸው፤ ሁለቱን ጋቢዎች ደረብሁ። እሳቸው ሁለቱን በርኖሶች አንዱን ባንዱ ላይ አድርገው፣ ባናውን ከውስጥ ታጠቁት። ዳቦ ቆሎውና በሶው በኪስና በብብት ተከፋፈለ። ጧፉን በጉያዬ ያዝሁት። ስንመለስ ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ ያን ቀን እኛን ለማሳጣት የወጣች ይመስል ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኛም በበኩላችን በጥበባችን ረክተን ፈገግ አልን።

ጸሐፊው አንድ ነገር ረስቶ ኖሯል። አይሮፕላኑ የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ለዚህ መንገድ ሰውም ይመዘናል አለ።

ፈገግታችን እዚያው ቀረ። ያላበን ከልብሱ ብዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አቶ ወልደየስ ግን ከሚዛን ጋር ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ሰው ናቸው። ሱፍ ሻጭ ፀጉሩ እንዲከብድ ውሃ ሲያርከፈክፍበት፣ ሚዛኑን በጉልበቱ ሲደግፍ፣ ምን ያላዩት አለ? መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን አሳየኝ አሉት። አሳያቸው። ከዚያ ወጡ፤ እኔም ወጣሁ። ጸሐፊው ደመረ፣ ከንፈሩን መጠጠና፣ በዛ፣ ምንጣፉ ይቅርና በሚቀጥለው ሳምንት ይላክላችኋል አለ።

ይላክላችኋል! እኔ የተሳልሁት ልልክ ነው? ይዤ መጥቼ ብዬ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀ ነገር ከደጃፉ ሊመለስብኝ ነው። በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብሁና ስሟን መጥራት ጀመርሁ።

በዚህ መካከል አንድ ፊታውራሪ ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በማዕርግም፣ በአካልም። ጸሐፊው ብድግ ብሎ እጅ ነሣና፣ በሚዛኑ ጎን እንዲያልፉ መንገድ ከፈተላቸው። አቶ ወልደየስ ሁለት በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጌታዬ አልተመዘኑም» አሉ።

 ወለሉ ቢከፈትና ብገባ በወደድሁ። ጸሐፊው አፍሮ፣ አባባ ይተዉ እንጂ፣ ሰው ይለዩ ይላል። ፊታውራሪው ግን ባለቤቴን ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው ተመለከቷቸውና ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርፌው ሄደ፤ ሄደ፤ አሁንም ሄደ። ከቆመ በኋላ ሲታይ፣ እኔና አቶ ወልደየስ ከነልብሳችን፣ ከነዳቦ ቆሏችን ተደምረን የበለጥናቸው በጥቂት ነው።

«እንግዲህ ልጄ፣» አሉ አቶ ወልደየስ ለጸሐፊው፣ «እሳቸው የተሸከሙት እግዜር የሰጣቸውን ነው። እኔ የተሸከምሁት እጄ የሠራውን ነው። አይሮፕላኑ ይህን ለይቶ ያውቃል?»

ይህን ጊዜ የፊታውራሪው መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ በመጨረሻ መላ አካላቸው ሳቀ። ምንጣፉ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ስለቱን ነገርኋቸው።

«ጻፍላቸው፤» አሉት ጸሐፊውን፣ «አለዚያ እኔው እቀራለሁ። የማርያምን ምንጣፍ አስቀርቼ በምን ፊቴ ደጇን እስማለሁ?» ይህን ካሉ በኋላ በምንጣፉ ክብደት ፈንታ አንድ ከባድ ሣጥናቸውን አሽከራቸው ይዞ እንዲመለስ አዘዙ። ጸሐፊው ጻፈ። ምንጣፉ እፊታችን ተጫነ።

ስለ በረራው ብዙ አልልም፤ አብዛኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም ነበር። አንዴ ገልጬ ባይ፣ አባቶቻችን ሲወርዱትና ሲወጡት ቀን የሚመሽባቸው የጃማ ገደል ከታች ተጋድሟል፤ መዝሙሩን ሳልጨርስ አለፍነው። ያን ጊዜ ዕልል ማለት ተገቢ ይሁን አይሁን ስላላወቅሁ በልቤ አልሁት።

ብርዱን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዳኮታ የሚሏት አይሮፕላናችን ከፍ እያለች ስትሄድ፣ ቅድም በእኛ የሳቀው ሁሉ በየወንበሩ ይኮማተር ጀመር። ባለ ሸሚዙ እጁን በብብቱ ከተተ። አንዲት ቀጭን ቀሚስ የለበሰች ወይዘሮ ጥርሷ ይፋጫል። እኛ ማላብ ያቆምነው ገና ያኔ ነው! አቶ ወልደየስ ግራ ቀኝ አዩና፣ ማንንም ሳይወቅሱ የደረቡትን ማውለቅ ጀመሩ። ባናውን ለባለ ሸሚዙ፣ የላይኛውን በርኖስ ለፊታውራሪው ሰጡ። የእኔ አንዱ ጋቢ ለወይዘሮዋ ሄደ። ዳቦ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ላሊበላ ስናርፍ፣ መንገደኛው ግማሹ የደብረ ብርሃን ሰው መስሎ ወረደ።

ምንጣፉን በበቅሎ አስጭነን ወጣን። ከቤተ ማርያም ስንደርስ ጫማችንን አወለቅን፤ ካህናቱም ተቀብለው አነጠፉት። ያ ዓለት ለብዙ ዘመን ባዶውን ሲጠብቀን የኖረ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። የመጀመሪያው እግር የካህናቱ እንዲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር እንዲያጥኑበት እየተመኘሁ ሳለ፣ ፊታውራሪው ባዶ እግራቸውን ከኋላችን ገቡ። አንደኛው ቄስ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ሲያዩ፣ ይለፉ ብለው ምንጣፉ መሐል አቆሟቸው። መሐል፣ ቀዩ ላይ!

ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም፤ አቶ ወልደየስ ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

«ተያቸው አስካለ፤ እሳቸውን ከቻለ ሺህ ዓመት ያገለግላል» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ቀስ ያሉ መሰላቸው እንጂ፣ ድምፅ በዚያ ዓለት ውስጥ ይዞራል። ፊታውራሪው ሰምተው ኖሮ፣ ከካህናቱም ቀድመው፣ በዚያ በከባድ ድምፃቸው «አሜን» አሉ።