ክቡር አማቻችን ፎከስ ያደርጋሉ

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፤ ፎቶ ላንሳችሁ ብሎ ተነስቶ ትምህርት የሚሰጥ ሰው። እናንተ ተደርድራችሁ፣ ፀጉራችሁን አስተካክላችሁ፣ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ ስባችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ካሜራውን ከፊቱ ላይ ያወርድና ማስረዳት ይጀምራል። ፈገግታችሁ ይደርቃል፣ ሆዳችሁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፎቶው የሚነሳው ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ቤት ባለ ዕጣ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ሥራቸው የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ ያገለገለ ካሜራውን ሸጠላቸውና ሰላማችን ያን ቀን አበቃ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ክቡርነታቸው እያልኩ ነው የምጠራቸው።

"ነገሩ እኮ ቀላል ነው!" ይላሉ ክቡርነታቸው። ይህን ካሉ ወንበር ፈልጉ። "ሌንሱ ወደፊት ወደኋላ እያለ የነገሩን ጠርዝ ይፈልጋል። ጥቁሩና ነጩ ቁልጭ ብለው ሲለያዩ ‘አገኘሁ’ ብሎ ቀጥ ይላል። በራሱ! ሰው ሳይነካው!"

በራሱ ከሆነ እርስዎን ምን አደከመዎት ብሎ የጠየቀ የለም። መልሱ ይረዝማላ።

የአክስቴ ልጅ የተዳረች ዕለት ሙሽሮቹን ፀሐይ ላይ አቁመው ይህንኑ ሲተነትኑ፣ የሙሽራው አንገት በላብ ራሰ፣ የሙሽሪት ኩል ጉንጯ ድረስ ወረደ። ፎቶው ሲታይ ከኋላቸው ያለው የበር እጀታ ጭረቱ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ሙሽሮቹ ጭጋግ ናቸው። "ካሜራው አልተሳሳተም፤ እጀታው ያብረቀርቃል፣ እናንተ ደግሞ ተንቀሳቅሳችኋል" ብለው ፈረዱ። እሳቸው ዘንድ ካሜራ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ተነሺው ነው።

የገዛ ልጃቸው ልደት ላይም አልማሩም። መብራት አጥፍተን ሻማ ለኮስን። ካሜራው በጨለማው ዝዝ… ዝዝ… ይላል። "ቆዩ፣ ገና እየፈለገ ነው!" ልጅቷ ጉንጯን ነፍታ ጠበቀች፣ ጠበቀች። "ብርሃን ሲያንሰው ጠርዙ አይታየውም፤ አብሩልኝ!" መብራቱ ሲበራ ሻማው ኬኩ ላይ ቀልጦ አልቋል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል።

አንድ እሑድ እናታችን ቤት ምሳ በልተን እንዳበቃን ክቡርነታቸው "የቤተሰብ ፎቶ!" ብለው ተነሱ። ሁላችንም መሸሻችንን እናውቃለን፤ እህቴ ወደ ዕቃ ማጠቢያው፣ እኔ ወደ ስልኬ። ሶፋው ላይ የቀረችው እናታችን ብቻ ናት፤ እሷ ሰው ሲያወራ ጥሎ መሄድ አይሆንላትም።

"እማዬ፣ ይሄ ካሜራ ሌላም ብልሃት አለው" አሏት። "በሌንሱ በግራና በቀኝ የገባውን ብርሃን ለያይቶ ሁለት ምስል ያያል። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ በምን ያህል እንደተዛነፉ አይቶ ሌንሱን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል። ነገሩ እኮ ቀላል ነው! እስቲ ጣትዎን ከዓይንዎ ፊት ያቁሙ። አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን ይቀይሩ። ጣትዎ ዘሎ አልሄደም?"

እናታችን ግራ ዓይኗን ጨፍና አየች። ከዚያ ቀኙን ጨፈነች።

"የቱ ጣት?" አለች።

እህቴና እኔ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ካሜራውን ክዳኑን ሳይከድኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚህ በኋላ ያለውን በአንቱታ መተረክ አልሆነልኝም፤ እሱ ልበለው።

እናታችን ፊት በርከክ አለና፣ ቀኝ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እጁን በግራዋ በኩል አወዛወዘ። "ይሄ ይታይዎታል?"

"ብርሃኑ ይታየኛል። ሌላው ጉም ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እርጅና ነው ልጄ። ተው፣ ልጆቹን አታስጨንቅብኝ" አለችው በሹክሹክታ።

ለካ ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ የምታደርገው፣ ግራ ትከሻዋም ከበሩ ጋር የሚጋጨው ስለምትቸኩል አልነበረም።

በነጋታው ሱቁን ዘግቶ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ። አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፈው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የቤት ሥዕል እንድታይ ነገሯት። ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ይጠራል፤ ዓይን እሱን ሲያይ መሣሪያው በማይታይ ብርሃን ይለካዋል። የእኛ ሰው ይህንን ለሐኪሟ ማስረዳት ጀመረ።

"ይቅርታ፣ ታካሚው ማን ነው?" አለችው ሐኪሟ።

የቀኙ ዓይን ቢደክምም መሣሪያው ወዲያው አነበበው። ግራው ላይ ግን ሞክሮ ሞክሮ አቃተው። የእኛ ሰው "እየፈለገ…" አለና እንደ ጀመረ ቀረ። ሐኪሟ ጨረሰችለት፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ብርሃኑን ጋርዶታል፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ዓይኗ ውስጥ የሚተካው ሌንስ ግን የሩቁን እንጂ የቅርቡን በራሱ አያጠራም፣ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል አለች።

"በራሱ አያጠራም?" አለ፤ ሐዘኑ ከልብ ነበር። "በእጅ የሚዞረው ይሻል ነበር እኮ!"

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የዓይኗ ፋሻ የተፈታ ቀን ሁላችንም አልጋዋ ዙሪያ ቆምን። እናታችን አንድ በአንድ አየችንና እሱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሸብተሃል እንዴ?"

ወደ መስኮቱ ዞሮ የካሜራውን ሌንስ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ያን ቀን ያነሳት ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ የወጣው ትራሷ ነው።

ማታ እነሱ ቤት ራት በልተን ስናበቃ፣ ካሜራውን ሳያነሳ፣ ምንም ሳያስረዳ ተቀምጧል። እንደዚያ ሆኖ ማየት አስጠላኝ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ያ የሐኪም ቤቱ መሣሪያ ግን እንዴት ነው የሚሠራው?"

እህቴ ደንግጣ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ የምቀልድ መስሎት ነበር። "ከየት ልጀምርልህ?"

"ከመጀመሪያው" አልኩት፣ ወንበሬንም ወደ እሱ አስጠጋሁ።