ሳይታዘዝ ሥራ የሚጀምረው ፋይል

ጠዋት ጸሐፊዋ ቢሮዋን ከፈተች፤ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች፤ ኮምፒውተሩን አበራች። ኮምፒውተሩ ጥቂት አጉረመረመና እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ።

«እህ እህ... እንደምን አደርሽ፣ እመቤት! መነጽርሽን አትፈልጊ፤ ግንባርሽ ላይ ነው።»

እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። እውነትም እዚያው ነበር።

ድምፁ የባሏ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳለ እሷን ሊያበሽቅ የጫነው ቀልድ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላም ቀልዱ አንድም ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ በዚህም ከቀሩት ሠራተኞች ሁሉ ይለያል።

መሥሪያ ቤቱ ለሱቆች ታፔላ የመስቀል ፈቃድ የሚሰጥ ታላቅ ተቋም ነው። የታፔላ ምስጢር በጠላት እጅ ቢወድቅ ምን እንደሚከተል ለማንም የተሰወረ አይደለምና፣ አርቀው አሳቢው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ጸረ ቫይረስ እንዲጫን አዘዙ።

የአዲሱ ጸረ ቫይረስ ትጋት የሚደነቅ ነበር። ገና እግሩ ከመግባቱ ማተሚያውን የሚያዘውን ፕሮግራም አሰረው፤ ወረቀት ከቢሮ ያስወጣል በሚል ጥርጣሬ። ደብዳቤ መጻፊያውንም የሰው ፋይል ሲከፍት እጅ ከፍንጅ ያዘው። የሒሳብ መደመሪያውን ስለ ምን እንዳሰረው ግን አልተገለጸም፤ ምርመራው ቀጥሏል።

አሮጌው ጸረ ቫይረስም ከቦታው አልተነሣም።

«ምነው አታጠፋውም?» አለችው ጸሐፊዋ በባሏ ቦታ የተተካውን የኮምፒውተር ባለሙያ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

«መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«የስብሰባ ጥሪው ሲታተም።»

«ማተሚያው ታስሯል እኮ!»

«እንግዲህ!»

ሥራ አስኪያጁ ግን አልተደናገጡም። ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለዋል» አሉ። ተጨበጨበ። ባላዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ተደባደቡ። አዲሱ አሮጌውን «ሌባ!» ይለዋል፤ አሮጌው አዲሱን «ወራሪ!» ይለዋል፤ ኮምፒውተሩ እንደ ገላጋይ በመካከል ሆኖ ከሁለቱም ወገን ይቀምሳል። በዚያ ሁሉ ግርግር ሥራውን የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የጠዋቱ ሰላምታ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በበሩ ሲያልፉ ሰሙት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

ባለሙያው ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። «ያልተመዘገበ ፋይል ነው፣ ጌታዬ። ማንም ሳያዘው በየጠዋቱ በሰዓቱ ሥራ ይጀምራል።»

«በዚህ መሥሪያ ቤት?»

«በዚሁ።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት ተለዋወጠ። «ይሄማ የለየለት ቫይረስ ነው!»

«የባሌ ድምፅ ነው» አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ። «እባክዎ፣ በፍላሽ ልገልብጠውና ቤቴ ልውሰደው።»

«እህቴ፣ ፍላሽ ክልክል ነው። ለማስወጣትም የጫነው ሰው በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት።»

«አይመጣማ።»

«ደንብ ነዋ! ሰርዘው!»

ሁለቱ ጸረ ቫይረሶች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። አንዱ ያዘው፤ አንዱ አጠፋው። እርቁን ምክንያት በማድረግ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አሰሙ፤ «ከእንግዲህ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያጠቃ ኃይል የለም!» አሉ። ልክ ናቸው፤ የሚጠቃም ነገር አልቀረባቸውም።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ቢሮዋን ከፈተች፤ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ ኮምፒውተሩን አበራች። መሳቢያ ከፈተች፤ ዘጋች። ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰች።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብለው።

«መነጽሬ።»

አዛኝ ናቸውና ወዲያው አፈላላጊ ኮሚቴ አቋቋሙ። ቁምሳጥኑ ተገፋ፤ ምንጣፉ ተገለበጠ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱ ተዘረገፈ። ባለሙያው ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ነው፣ እትዬ?» ሲል ጠየቃት። አስረዳችው። አንገቱን ነቀነቀና ፍለጋውን ቀጠለ። በመጨረሻም ሥራ አስኪያጁ ጉልበታቸውን ከአቧራ አራግፈው ቆሙና፣ «ከዚህ ቢሮ የጠፋ ምንም ነገር የለም» ብለው አወጁ።

እሷም አመስግና ተቀመጠች። መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚናገረው ድምፅ ግን አሁን የለም።