እቴጌ ኢዲል የንጉሡን ዝምታ ምሕረት እንዳደረጉት

በዘመነ ማርቆስ፣ ሙቀት በድሬዳዋ ላይ ነግሦ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ በሚገብርለት ወራት፣ በመጋላ ገበያ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ መሸጥ በጀመሩ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የጨርቅ እመቤት፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ በአንድ ጥሪ ማዶ ያለ ደንበኛ የሚያስቆሙ እቴጌ ኢዲል ወደ ቴአትር መድረክ ወጡ።

ነገሩም እንዲህ ነበር። የሰፈሩ የቴአትር ክበብ አዘጋጅ፣ ሊቀ ተውኔት ጋሽ ገብረ መድኅን፣ አንድ ጥንታዊ ትራጄዲ ሊያሳዩ ቆርጠው ተነሡ። በተውኔቱ ንጉሡ በሐሰት ወሬ ተታሎ በገዛ ልጁ ላይ ሞት ይፈርዳል፤ ንግሥቲቱም ትለምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች። የንግሥትነቱ ዕጣ የወጣላቸው ኢዲል ይህን ባነበቡ ጊዜ ተቆጡ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «አቦ፣ ምንድነው ይሄ? ልጇ ሊሞት እናት ጥላው ትወጣለች እንዴ?» ጋሽ ገብረ መድኅንም፦ «ትራጄዲ ነው ኢዲል። ደራሲው ትውጣ ብሏል፤ ትወጫለሽ» ብለው በአዋጅ መለሱ።

ወእምዝ ቀኑ ደረሰ፤ እቴጌይቱም ከነሠራዊታቸው የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገሩ። ከፊት የሱቅ ጎረቤታቸው ፋዱማ በከረሜላ ወረቀት የተለበጠውን ዘውድ በፌስታል ይዛ፣ ከኋላ የመጋላ ጨርቅ ሻጮች በየማዕረጋቸው፣ ከሳቢያን ሰፈር በሁለት ባጃጅ ተጠቅጥቀው የመጡ የባላቸው ዘመዶች፣ አክስቶች ከነማራገቢያቸው፣ በመጨረሻም ማንም ያልጠራው አንድ ፍየል ተከተሉ። ፍየሉ ከአዳራሹ በር ተመለሰ።

የፍርዱም ሰዓት በሆነ ጊዜ ልዑሉ፣ ማለትም ሚክዳድ የተባለው ባለ ባጃጅ፣ በመድረኩ መካከል ተንበረከከ። ንጉሡ ሰይፈ ሚካኤል፣ በልምምድ አንዲት ቃል ስቶ የማያውቀው፣ በትረ መንግሥቱን አንሥቶ አፉን ከፈተ፤ የአዳራሹን ሰው ብዛት አየ፤ ቃሉም በአፉ ውስጥ እንደ በጋ ደቻቱ ደረቀ። ጋሽ ገብረ መድኅን ከመጋረጃው ኋላ «ይሙት በቃ በል! ይሙት በቃ!» እያሉ በሹክሹክታ ቢያውጁም፣ አሮጌው የጣሪያ ማራገቢያ ቃላቸውን እየበላ አላደረሰም።

ከእቴጌይቱ በቀር የሰማ አልነበረም። ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ ብለው ቃሉን ቢያቀብሉት ተውኔቱ በሥርዓቱ ይፈጸም ነበር። ወደ ንጉሡ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ነገር ግን የተንበረከከውን ልጅ ማጅራት፣ ላቡም ሲወርድ አዩ፤ ወደ ሕዝቡም ዞረው በዚያ በመጋላ ድምፃቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ሰው ሁሉ ስማ! ንጉሥ ዝም አለ ማለት ማረ ማለት ነው! ተነሥ ልጄ፣ ቤትህ ግባ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከአክስቶቹ አንዷም «ወላሂ እውነቷን ነው!» ብላ አጸናች። ሚክዳድ ግን መሞትን እንጂ መዳንን አልተለማመደም ነበርና እንደ ተንበረከከ ቀረ፤ እቴጌይቱ በክንዱ መንጭቀው ሲያስነሡት ለሞቱ በብብቱ የሸሸገው የቀይ ቀለም ከረጢት ፈነዳ፤ ዳነ እየተባለ ደማ። ንጉሡም ከጭንቁ በመዳኑ እውነተኛ እንባ አለቀሰ።

መጋረጃው ሲዘጋ ጋሽ ገብረ መድኅን ራሳቸውን ይዘው፦ «ትራጄዲዬን ገደልሽው!» ሲሉ አወጁ። እቴጌይቱም፦ «ጋሽዬ፣ እኔ ማንንም አልገደልኩም፤ ሊገድል የነበረው አንተ ነህ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ሊቀ ተውኔት ንጉሡን ቀኑን ሙሉ አስጠንተው ወደ መድረክ ላኩት። ሰይፈ ሚካኤልም ቃሉ በአፉ ሞልቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በትሩን አነሣ። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር እስከ በሩ ድረስ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በአማርኛም በሶማሊኛም በኦሮምኛም «ዝም በል!» የሚል አዋጅ ወጣ። ንጉሡ ወደ እቴጌይቱ አየ፤ ወደ ሕዝቡ አየ፤ አፉንም ገጠመ። ጋሽ ገብረ መድኅንም ከመጋረጃው ኋላ ወጥተው፣ ሳቅ እያሸነፋቸው፣ ከሁሉ አስቀድመው አጨበጨቡ።

ሌሎች ነገሥታት በገደሉት ብዛት ይወደሱ፤ የድሬዳዋ እቴጌ ግን ባስጣሉት ይወደሳሉ። ሰማይ የደረሰ ድምፃቸውን አላህ አይዝጋው፤ ዘውዳቸው ከከረሜላ ወረቀት ቢሆንም ከወርቅ ይልቅ ያብራ፤ በመድረካቸውም ላይ የሰው ልጅ አይሙት!